ምክር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ስለ «ኤ» እና «አን» የተካሄደ የወሎዬዎች ክርክር

ጥያቄውን የለጠፈው ደሴ የሚኖር አባት ነው። ልጁ 9ኛ ክፍል ገብታለች። ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆኖባታል፤ ስለዚህ ማታ ማታ አብሯት ይቀመጣል። አንድ ቀን ባዶ ቦታ ሙሉ የሚል የቤት ሥራ መጣ። ልጅቷ «አድቫይስ» (ምክር) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ፊት «አን» ብላ ሞላች። መምህሯ ኤክስ አደረገባት። አባትየው ኤክሱ አልዋጥልህ አለው።

ክርክሩ ቀላል ነው። ምክር ይቆጠራል ባይ ነው። እሱ ራሱ ለልጁ ሦስት ምክር ሰጥቷታል፤ አንዱንም አልሰማችም እንጂ። ወንበር ይቆጠራል፣ ጠረጴዛም ይቆጠራል፤ አንድ ላይ ሆነው «ፈርኒቸር» ሲባሉ ግን አይቆጠሩም ይባላል። ይባስ ብሎ ገንዘብ አይቆጠርም ይላሉ። ሰኞ ገበያ ላይ ብር ሲቆጥር የሚውል ነጋዴ ይህን ቢሰማ ምን ይላል? ሲጨርስም ቁርጡን ጠየቀ። ሕግ ካለው ሕጉን ንገሩኝ፤ ከሌለው ሸምድጂው ልበላትና ልረፍ አለ።

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተደረደረው መልስ፣ ተንዛዝቶ ሃያ ስምንት አለፈ። እኔ ከዳር ሆኜ ነው የተከታተልኩት። ሁሉንም አልዘረዝርላችሁም። አንዳንዱ መልስ ምስጋና ብቻ ነው፤ አንዳንዱም እዚህ ባይደገም ይሻላል።

1ኛውን መልስ የጻፉት ወልዲያ አካባቢ ብዙ ዘመን እንግሊዝኛ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ትሕትናቸው ያስቀናል። «ኤ» እና «አን» የተወለዱት «አንድ» ከሚል ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ነው ብለው ጀመሩ። ስለዚህ ውስጣቸው ውስጥ አንድ የሚል ቁጥር ተደብቋል። ተከትሏቸው የሚመጣው ስም ነጠላና የሚቆጠር መሆን አለበት። የማይቆጠር ስም ሲሆን ወይ ምንም አይቀድመውም፣ ወይ «ሰም» ይባላል። በገንዘቡም ጉዳይ አባትየውን በለሆሳስ አረሙት። ነጋዴው የሚቆጥረው ብሩንና ሳንቲሙን ነው፤ «መኒ» ግን የጠቅላላው ነገር ስም ነው። ከዚያ ተማሪ የሚወድቅባቸውን ደረደሩ፤ ኢንፎርሜሽን፣ አድቫይስ፣ ፈርኒቸር፣ ኢኩፕመንት፣ ላጌጅ፣ ሆምወርክ፣ ኒውስ፣ ፕሮግረስ። የግድ መቁጠር ካስፈለገ «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ» ማለት ይቻላል። ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ካላችሁ ደግሞ ከቃሉ አጠገብ «ሲ» ወይም «ዩ» የምትል ፊደል አለች፤ ሲ የሚቆጠር፣ ዩ የማይቆጠር ናት ብለው አበቁ። ይችን ፊደል ስንቱ ተማሪ አይቶ እንደሚያልፋት ሳስብ ይገርመኛል።

2ኛው አብሽር፣ ልጅህ ጎበዝ ትሆናለች ብሎ ዱዓ አድርጎ ሄደ።

3ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ያለ ልጅ ነው። መምህሩ ያስተማሩት ልክ ቢሆንም በሽታው ሌላ ቦታ ነው አለ። እኛ አበሾች የምንሳሳተው «ኤ» በመጨመር ብቻ አይደለም፤ በማስቀረትም ነው። «አይ አም ቲቸር» እንላለን። «ማይ ፋዘር ኢዝ ፋርመር» እንላለን። እንግሊዝኛ ደግሞ የሚቆጠር ነጠላ ስም ራቁቱን እንዲቆም አይፈቅድም። ወይ «ኤ»፣ ወይ «ዘ»፣ ወይ «ማይ»፣ አንድ ነገር ከፊቱ መኖር አለበት። ይህን ትታችሁ ስለ ምክር ትነታረካላችሁ ብሎ ቆጣ አለ። ቁጣው አላስፈለገም፤ ነጥቡ ግን የክሩ ግማሽ ዋጋ ነው።

ምክንያቱን የዘረገፈው 4ኛው ነው፤ የባቲ ሰው ነው። በአማርኛ «ፍየል ገዛሁ» ብል አንድ ይሁን አምስት ማንም አይጠይቀኝም አለ። ሲያስፈልግ እናገራለሁ። እንግሊዝኛ ግን አፌን ሳልከፍት አስወስኖኝ ነው የሚያናግረኝ። አንድ ከሆነ «ኤ ጎት»፣ ከአንድ በላይ ከሆነ «ጎትስ»። ሁለቱንም ትቼ «አይ ቦት ጎት» ብል የፍየል ሥጋ ገዛሁ ይሆናል። ወንድሙ የድጋፍ ማመልከቻ ሲሞላ ፍየል አለኝ ለማለት እንዲሁ ራቁቱን ጽፎ፣ ቅጹን የሚያየው ሰው ስንት ኪሎ እንደሆነ ጠየቀው አሉ። ዶሮም እንዲሁ ነው፤ «ኤ ችክን» ግቢ ውስጥ የምትጭር ናት፣ «ችክን» ብቻውን ሳህን ላይ ነው። የባቲ ሰው ስለ ፍየል ሲናገር ማን ይከራከረዋል?

5ኛው መልስ አጭር ነበር፤ ብዙ ሰው ዘሎት አልፏል። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ጸሐፊዋ እንዳለችው ከነዚህ ቃላት ብዙዎቹን ቀድመን በአማርኛ ለምደናቸዋል። «አንድ ኢንፎርሜሽን ልስጥህ» እንላለን። «ኢንፎርሜሽኖች»፣ «ኢኩፕመንቶች»፣ «ፈርኒቸሮች» እንላለን። አማርኛ ውስጥ ከገቡ ወዲህ በኛ ሕግ ይቆጠራሉ፤ ነውር የለበትም። ችግሩ ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሳቸው የአማርኛ ልማዳቸውን ይዘው መሄዳቸው ነው። ልጅቷ «አን አድቫይስ» ያለችው ሕጉን ስላላወቀች ሳይሆን ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ «አንድ አድቫይስ» ስለምትል ነው። የክፍል መምህር ይህን አንዴ ቢናገር ስንት ኤክስ ይተርፍ ነበር።

6ኛው ላይ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ተቆጥቶ ገባ። የሱ ታፔላ ላይ «ፈርኒቸርስ» ተብሎ ተጽፏል። ማንም ስሙን አላነሳበትም፤ እሱ ግን የተነካ መስሎታል። ደንበኛ ገብቶ አልጋና ቁም ሳጥን ይዞ እስከወጣ ድረስ አንዲት «ስ» ማንን ገደለች ብሎ ጠየቀ። ማንንም አልገደለችም፤ እውነቱን ነው። ታፔላው ለኛ የተጻፈ እስከሆነ ድረስ እኔም ዝም እላለሁ። ፈተና ላይ ግን አንድ ነጥብ ትገድላለች።

7ኛው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። የሥራ ባልደረባን «ስታፍ» ማለት ለምዶብናል፤ «እሱ የኛ ስታፍ ነው» እንላለን። ለውጭ እንግዳ ራሷን ስታስተዋውቅ «አይ አም ኤ ስታፍ» አለችው። ሰውየው ፈገግ አለ። ቆይታ ነው የገባት። «ኤ ስታፍ» በእንግሊዝኛ ረጅም በትር፣ መቋሚያ ማለትም ነው። ሰው ከሆነ «ኤ ሜምበር ኦፍ ስታፍ» ይባላል።

8ኛው ወዲያው አረማት፤ «ኤ ስታፍ» ሁልጊዜ በትር አይደለም ብሎ። ሃያ ሠራተኛ ያለው ቢሮ «ኤ ስታፍ ኦፍ ትዌንቲ» አለው ይባላል። እዚያ ላይ «ኤ» የሚቆጥረው ቡድኑን ነው እንጂ አንዱን ሰው አይደለም። ልክ ነው። ልጅቷ ግን አንድ ሰው ናት፣ ቡድን አይደለችም፤ ስለዚህ ፈገግታው አልቀረላትም።

9ኛው ላይ መምህሩ ተመልሰው መጡ። ሥራ ፈላጊዎች ሲቪ ላይ የሚሠሩትን ስህተት አነሱ። «አይ ሃቭ አን ኤክስፒሪየንስ ኦፍ ፋይቭ ይርስ» ይላል አንዱ። የሥራ ልምድ ሲሆን ኤክስፒሪየንስ አይቆጠርም፤ «ፋይቭ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ» ነው። «አን ኤክስፒሪየንስ» ያልን እንደሆነ አንድ የገጠመን ነገር ነው፤ ጥሩ ይሁን ክፉ፣ አንድ ቀን የደረሰብን። ቃሉ ያው ነው። የሚለየው የፈለግነው ትርጉም ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። የሚቆጠርና የማይቆጠር ብሎ ቃላትን በሁለት ጆንያ መክተት አይሠራም። ያው ቃል ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው። «ፔፐር» ወረቀት ሲሆን አይቆጠርም፤ ጋዜጣ ወይም ጥናታዊ ጽሑፍ ሲሆን ይቆጠራል። «ሄር» ጸጉር ሲሆን አይቆጠርም፤ ሾርባ ውስጥ አንዲት ዘለላ ብታገኝ ግን «ኤ ሄር» ብለህ አስተናጋጁን ትጠራለህ።

ከ10 እስከ 12 ቡና ሆነ። 10ኛው፣ ካፌ ውስጥ «ኤ ኮፊ» ይባላል፣ «ቱ ኮፊስ»ም ይባላል፣ የሚቆጠረው ስኒው ነው አለ። ልክ ነው። 11ኛው ታዲያ ወሎ ውስጥ አንድ ቡና ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅ አንድ ቡና ነው ወይስ ሦስት? አንዷ ሦስት አለች፣ ሌላው አንድ አለ። በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ ሰው ቡና ጠጣሁ አይበል የሚልም መጣ። 12ኛው ወደ ሰዋስው ተመለሱ ብሎ ለመነ። ማን ሰምቶት!

መልሶ ያመጣቸው 13ኛው ነው። ከሁሉ በላይ የወደድኩት እሱን ነው። ላሊበላ አስጎብኚ ነው። ሥራ እንደጀመረ ሰሞን አብያተ ክርስቲያናቱ ከአለት ተፈልፍለው የተሠሩ ናቸው ለማለት ሁልጊዜ «ፍሮም ኤ ሮክ» ይል ነበር። አሥራ አንዱንም። አንዲት አሮጊት ጎብኚ በትሕትና አቆመችው። ሁሉም ከአንድ አለት ነው የወጡት? ታዲያ አለቱ ከየት ጀምሮ የት ያበቃል? ልጁ ግራ ገባው። እሱ ማለት የፈለገው ከአለት ነው፤ በጡብ ወይም በእንጨት አልተሠራም ለማለት። ይህ ሲሆን አለቱ ቁስ ነውና «ሮክ» ብቻውን ይቆማል። ቤተ ጊዮርጊስ ፊት ደርሶ ግን ይህ ሕንፃ ከጣሪያው እስከ መሠረቱ ከአንድ አለት ወጥቷል ሲል «ኤ ሲንግል ሮክ» ይላል፤ እዚያ «ኤ» የግድ ነው። ድንጋይም ያው ነው። «ስቶን» ቤት የሚሠራበት ነው፣ «ኤ ስቶን» አንስተህ የምትወረውረው። እንጨትም አለ። «ዉድ» ማገዶና ጣውላ ነው፣ «ኤ ዉድ» ደግሞ ትንሽ ጫካ ነው። ጎብኚ ፊት «ዚስ ዶር ኢዝ ሜድ ኦፍ ኤ ዉድ» ብትል በሩን ከጫካ ሠራኸው።

እስቲ አስቡት፤ ቦታው በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ስንቱ ሰው ይጎበኘዋል። በአንዲት «ኤ» ምክንያት ስንት ሰው አሥራ አንዱም ከአንድ ቋጥኝ የወጡ መስሎት አገሩ ተመልሷል?

14ኛው ደግሞ አስጎብኚውንም አረመ። ሁሉም በየራሳቸው ከአንድ አለት ተነጥለው የቆሙ አይደሉም አለ። ዙሪያቸውን ተፈልፍለው ለብቻቸው የቆሙት ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ ጊዮርጊስ ናቸው። የቀሩት በአንድ ወይም በሌላ ጎን ከአለቱ ጋር እንደተያያዙ ናቸው። አስጎብኚው ይህንማ አውቃለሁ፣ እኔ ስለ «ኤ» ነው የማወራው ብሎ ትንሽ ተኮራረፉ።

15ኛዋ የሐይቅ እናት ናት። እኔ ሰዋስው አላውቅም፣ ግን የገባኝን ልንገራችሁ ብላ ጀመረች። ሊጥ አይቆጠርም። ምጣድ ላይ ፈስሶ ዳር ዳሩ ሲታወቅ እንጀራ ይሆናል፤ ያኔ አንድ ሁለት ይባላል። እንግሊዞቹም የሚጠይቁት ነገሩ ዳር አለው ወይ ብለው ነው አለች። ሰባት ሰው ወደደላት። እኔም ስምንተኛ ነኝ።

16ኛው አልወደደም። ያ 3ኛው የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው፤ ስለቱ እንዳለ ነው። እናቴ፣ ምሳሌሽ ያምራል፣ ግን ዳቦስ ብሎ ጠየቀ። ዳቦ ተጋግሮ፣ ዳር ኖሮት፣ በአማርኛ «ሁለት ዳቦ ስጠኝ» እየተባለ በእንግሊዝኛ አይቆጠርም። «ኤ ብሬድ» ብለህ ዳቦ ቤት ብትገባ አንድ የዳቦ ዓይነት ማለትህ ይመስላል፤ አንዱን ዳቦ ለማለት «ኤ ሎፍ ኦፍ ብሬድ» ነው። እህሉን ተመልከቱ አለ ደግሞ። ሩዝና ስንዴ አይቆጠሩም፣ ባቄላና ምስር ይቆጠራሉ። የምስርን ፍሬ ቆጥሮ የሚያውቅ ማነው? ጤፍ እንኳ ከሁሉም ታንሳለችና የማትቆጠር መሆኗ ፍትሐዊ ነው። እንግዲህ ዳር ያለውና የሌለው ሳይሆን ቋንቋው እንዴት እንዳየው ነው ወሳኙ። ትክክል ነው። ግን ሴትዮዋን «እናቴ» ብሎ ጀምሮ እንዲህ መዝለፍ ወሎዬነት አይደለም፤ ይህንን 17ኛው ነግሮታል።

17ኛው ከወቀሳው በኋላ አንድ ድንቅ ታሪክ ጨመረ። አተር ዛሬ በእንግሊዝኛ «ፒ» ነው፣ ሲበዛ «ፒስ»። ድሮ ግን ቃሉ «ፒዝ» ነበር፤ እንደ ሩዝ የጅምላ ስም። ሰው መጨረሻው ላይ ያለችውን ድምፅ የብዙ ቁጥር ምልክት መሰለችው። ቆረጣትና ድሮ ያልነበረ «ፒ» የሚል ነጠላ ፈጠረ። የማይቆጠረው አተር በሰው ስህተት ተቆጣሪ ሆነ ማለት ነው። አሁን «ኤ ፒ» ብትል መምህር ልክ ይሰጥሃል። የፈርኒቸሩ ነጋዴ ይህን ሲያነብ እኔም ሁለት መቶ ዓመት ብጠብቅ ልክ እሆናለሁ ብሎ ቀለደ። ከዚያ ወዲህ ቁጣው በረደ።

18 እና 19 ሙዚቃ ናቸው። «ኤ ሚዩዚክ» አይባልም፣ «ኤ ሶንግ» ወይም «ኤ ፒስ ኦፍ ሚዩዚክ» ነው የሚል ጥሩ እርማት ነበረ። ወዲያው ግን ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው ከወሎ ነው፣ ትዝታስ የማን ነው የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። እሱን እዘለዋለሁ፤ ገና አላለቀም።

20ኛው ስለ «ኤ» እና «አን» ልዩነት የጻፈ ነው። የምረቃ ባነር ላይ «አን ዩኒቨርሲቲ» የሚል አይቶ ተናዷል። ብዙ ሰው አናባቢ ፊደል ካየ «አን» ነው ብሎ ተምሯል። የሚያየው ግን ዓይን ሳይሆን ጆሮ ነው። ከዚያ እኔ በየትም መጽሐፍ ያላየሁትን ዘዴ አመጣ። ቃሉን እንደተሰማህ በፊደላችን ጻፈው። መጀመሪያው ከአ ቤት ከሆነ «አን» በል፤ ካልሆነ «ኤ»። «አወር» ከአ ይጀምራል፤ ስለዚህ «አን አወር»። በእንግሊዝኛ አጻጻፉ ፊት ላይ የተቀመጠችው ድምፅ አልባ ፊደል በኛ ፊደል ትጠፋለች። «ኦነስት» ያው ነው። «ዩኒቨርሲቲ» ከየ ቤት ነው፤ ስለዚህ «ኤ ዩኒቨርሲቲ»። «ዋን ዴይ ትሪፕ» ከወ ቤት ነው፤ ስለዚህ «ኤ»። «ኤም ኤ» ዲግሪ ደግሞ ከአ ነው፤ «አን ኤም ኤ»። እኛ ድምፁን የምንጽፍ ሕዝብ ስለሆንን ይህ ለኛ ከማንም ይቀለናል። ይህን ክፍል ውስጥ ለምን እንደማያስተምሩት አላውቅም፤ እኔ ለማውቃቸው ልጆች ሁሉ ልኬዋለሁ።

21ኛዋ ግን አንድ ወጥመድ አሳየች። ቃሉን እንደ እንግሊዝኛው ድምፅ ጻፉት፣ እንደ አማርኛው ስም አይደለም አለች። «አውሮፓ» ብላችሁ ከጻፋችሁ «አን» ትላላችሁ። በእንግሊዝኛው ግን «ዩሮፒያን» ነውና «ኤ ዩሮፒያን» ነው። መምህሩ እዚህ ላይ አጨበጨቡ። አስከትለውም ቀዳሚው «አን» እንደነበረ፣ «ኤ» ከተነባቢ ፊት «ነ»ን ጥላ የቀረችው እንደሆነች ተናገሩ። ያች ነ በመሃል ብዙ ተንኮል ሠርታለች። ሽርጥ ድሮ «ኤ ናፕረን» ነበር፤ ሰው ሲሰማ ነዋን ለአርቲክሉ (እንደ «ኤ» እና «ዘ» ከስም ፊት ለሚቆመው ቃል) ሰጣትና «አን ኤፕረን» ሆኖ ቀረ። እባቡ «ናደር»ም እንደዚያው «አደር» ሆነ።

ይህን ያነበበ 22ኛው «አን» የመጣው ከኛው «አንድ» ነው ብሎ አወጀ። እንዲህ ያለ ነገር ሳይመጣ ክር አያልቅም። ዋድላ ቅኔ የተማረ ሰው በእርጋታ መለሰለት። የ«አንድ» ግዕዙ «አሐዱ» ነው፤ «አን» የሚለው ድምፅ በኋላ የመጣ ነው፣ የእንግሊዞቹም ከጀርመናውያኑ ቤተሰብ ነው፤ መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነው። ግዕዝም ራሱን የቻለ አርቲክል የለውም፤ «ብእሲ» ሰው ነው፣ ሰውየውም ነው፣ አገባቡ ይነግርሃል ብሎ አከለ። ስለዚህ ከዚያም የሚመጣ ረዳት የለንም።

23ኛው መድረሳ የተማረ የከሚሴ ልጅ ነው። ከዐረብኛ ግን እርዳታ አለ አለ። ተንዊኑ (ስም መጨረሻ ላይ የሚጨመረው የ«ን» ድምፅ) ሳይሆን፤ ተንዊን ውሃም ላይ ይገባል፣ ቤትም ላይ ይገባል፣ ስለ መቆጠር ምንም አይነግርህም። የሚረዳው ተምር ነው። «ተምር» የጅምላው ነው፣ «ተምራ» አንዷ ፍሬ። «ሸጀር» ዛፍ በጅምላ ነው፣ «ሸጀራ» አንዱ ዛፍ። ቁርአን የቀራ ልጅ ቁሱና አንዱ ነገር የሚለያዩበትን መንገድ ገና በሕፃንነቱ ሰምቷል። መምህሩ ይህን አላውቅም ነበር ብለው አመሰገኑት። እኔም ክፍል ውስጥ ግማሹ ተማሪ የሚያውቀው ነገር ሰሌዳ ላይ አለመድረሱ ቆጨኝ።

24ኛው ተበሳጭቶ ነው የገባው። የሰው ቋንቋ ነው፣ ምን አገባን፣ ቻይና አስተካክሎ ሳይናገር ፋብሪካ ይተክላል አለ። ቀጥሎ የተባባሉትን አልደግመውም። 25ኛዋ ብቻ ረጋ ብላ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ቻይናን አይጠይቅም፣ ልጄን ነው የሚጠይቀው አለችው። በኔ በኩል ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን ማታ መጽሐፍ ይዞ የተቀመጠ አባት የሚያስፈልገው የ25ኛዋ መልስ ነው።

26ኛው የማይቆጠር ስም ፈጽሞ «ኤ» አይቀድመውም የሚለውን ሕግ ሰበረው። «ኤ ጉድ ኖውሌጅ ኦፍ ኢንግሊሽ» ይባላል። «ኤ ጉድ ኤጁኬሽን» ይባላል። የረዳህን ሰው «ኤ ግሬት ሄልፕ» ነህ ትለዋለህ። ቅጽል ሲመጣና ነገሩን ወደ አንድ ዓይነት ሲያጠብበው አንዳንዶቹ «ኤ»ን ይቀበላሉ። አንዳንዶቹ ብቻ። «ኤ ጉድ አድቫይስ» አሁንም ስህተት ነው። «ኤ ባድ ዌዘር»ም ስህተት ነው፤ የጦሳ ጉም የፈለገውን ያህል ቢከብድ። እዚህ ላይ ሽምደዳ የለም የሚል ሰው ይዋሻል። ግን የሚሸመደደው ጥቂት ነው፤ የቀረውን አንድ ነገር ማለቴ ነው ወይስ ቁሱን ብሎ መጠየቅ ይፈታዋል።

27ኛው ላይ ባለጥያቄው አባት ተመለሰ። ሁሉን አንብቧል። ልጁም አንብባለች። ግን ልጅቷ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። መጽሐፏ ላይ «ኤ ሊትል ዋተር» የሚል አለ። ውሃ አይቆጠርም ብላችሁ ነበር፤ ታዲያ ይህች «ኤ» ከየት መጣች?

28ኛው የመምህሩ ነው። «ኤ» የውሃው አይደለችም፣ የ«ሊትል» ናት አሉ። «ኤ ሊትል» አንድ ላይ «ጥቂት» ማለት ነው። «ኤ» ብትቀር ትርጉሙ ይገለበጣል። «ዊ ሃቭ ኤ ሊትል ዋተር» ያለ ሰው ቡና ማፍላት ይችላል፤ ጥቂት አለው። «ዊ ሃቭ ሊትል ዋተር» ያለ ግን ያማርራል፤ ምንም ያህል የለንም ነው የሚለው። ለሚቆጠሩት ደግሞ «ኤ ፊው» እና «ፊው» በዚያው መንገድ ይሄዳሉ። «ኤ ፊው» ጓደኛ ያለው አልተቸገረም፣ «ፊው» ያለው ብቸኛ ነው። ደሴ ላይ ቧንቧ ሲጠፋ የትኛውን እንደምትሉ ታውቃላችሁ ብለው ጨመሩ።

ከዚያ በኋላ ከመርሳ አንድ ልጅ «ዘ»ስ መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። ያ የዩኒቨርሲቲ ልጅ እሱን በሌላ ክር ክፈተው፣ ዛሬ እንተኛ አለው።